ሲቢቲ የሠለጠነው በዝቷል፤ ሥራውን አይቶ የሚያርመውስ ማን ነው?

ተመላላሽ_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ በሙያው ያላችሁም፣ ታካሚ ሆናችሁ ያያችሁትም ሐሳባችሁን አካፍሉኝ። ሲቢቲ፣ ማለትም የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ አገራችን ውስጥ እንደ ሙያ እያደገ ነው ወይስ ስሙ ብቻ ነው እየተስፋፋ ያለው?

ስሙማ የሌለበት ቦታ የለም። ቴሌግራም ላይ ሥልጠና አለ፣ ቲክቶክ ላይ አለ፣ የክሊኒክ ታፔላ ላይ አለ። የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ብዙ ነው። ሥልጠናውን አልጠላም። ግን ያ ሰው ከሥልጠናው ተመልሶ ታካሚ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሠራ ማን ያየዋል? ማንም አያየውም።

የመጣንበትን መንገድ ካሰብነው ነገሩ ብዙም አይገርምም። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ለረጅም ዘመንም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን በሥነ አእምሮ ስፔሻላይዝ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ ነበር የሚማረው፣ አገር ውስጥ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በኋላ ጅማና ጎንደር የአእምሮ ጤና ማስተርስ ከፈቱ፣ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተመራቂም መውጣት ጀመረ። ትልቅ እድገት ነው፣ አይካድም። ግን ሁሉም የተገነባው በመጀመሪያ በከባድ ሕመምና በመድኃኒት ዙሪያ ነው። የንግግር ሕክምናው ከኋላ እየተከተለ መጣ፣ እስካሁንም ከኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፣ ከብዙ ሰው የተውጣጣ ነው። «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ ወጣት አለ እንበል። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምርመራ፣ ይነሳል፣ ደህና ነው። ጨጓራ ነው ይባላል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል፣ እዚያም ኢሲጂ። እኛ ጋ የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ታክሲ የሚሳፈረው በሩ አጠገብ ቦታ ካገኘ ብቻ ነው፣ የውሃ ኮዳ ሳይዝ ከቤት አይወጣም፣ መርካቶ ብቻውን አይሄድም። ይህ ፓኒክ ነው፣ ድንገት የሚነሳ ከባድ የፍርሃት ሕመም። ሲቢቲ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። አብሮት የሆስፒታሉን ደረጃ ሮጦ ይወጣል፣ ልቡ እንዲመታ። በቀጭን ስትሮ ያስተነፍሰዋል፣ ትንፋሽ እንዲያጥረው። ቦታው ላይ ያሽከረክረዋል፣ እንዲያዞረው። ቀጥሎ ኮዳውን ትተው ታክሲው ውስጥ የመጨረሻው ወንበር መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ልብ መምታት እንደማይገድለው ሰውዬው በገዛ አካሉ ሲያየው ነው የሚያምነው።

በተግባር ግን የሚሆነው «አይዞህ፣ አትጨነቅ፣ በጥልቀት ተንፍስ» ተብሎ መሸኘት ነው። እሱም ከዚያ በኋላ በጥልቀት ካልተነፈስኩ እሞታለሁ ብሎ ያምናል። ሁለተኛ ኮዳ ጨመርንለት ማለት ነው።

ባለሙያው ሰንፎ አይደለም። ይፈራል! ታካሚው እጄ ላይ ቢወድቅስ? ይህን ፍርሃት ደግሞ ስላይድ አያወጣውም፣ አጠገብህ ተቀምጦ «ቀጥል» የሚል የበሰለ ሰው ነው የሚያስፈልገው። የእኔ ነጥብ ይሄው ነው። የጎደለን ሱፐርቪዥን ነው፣ የበሰለ ባለሙያ ሥራህን እያየ የሚያርምበት ድጋፍ።

የዞን_ነርስ፦

እህቴ የልቤን ነው የተናገርሽው፣ ግን የእኛንም ጓዳ እዪልኝ። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ ባለ የዞን ሆስፒታል። ረፋድ ላይ ኮሪደሩ ይሞላል። የሚጥል በሽታው፣ ስኪዞፍሬኒያው፣ የሱሱ ጉዳይ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ለአንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ብሰጥ ውጭ ያለው ሰልፍ ምን ይሆናል?

ደግሞ መጻሕፍቱ በየሳምንቱ ይምጣ ይላሉ። የእኔ ታካሚ ከገጠር በእግሩ ወጥቶ፣ መኪና ይዞ፣ አድሮ ነው የሚመጣው። በወር አንዴ ከመጣልኝ ደስተኛ ነኝ። የሐሳብ መመዝገቢያ ቅጽ የሚባለውንም ሞክሬዋለሁ፣ ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም፣ የሚችሉትም አይሞሉትም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ድብርት ያለበት ሰው ሲመጣ ከመታመሙ በፊት ምን ምን ይሠራ እንደነበር እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ብቻ፣ በጣም ትንሽ የሆነውን እንመርጣለን። ከጠዋት ቡና በኋላ ወጥቶ ከብቶቹን ማየት፣ ወይም ሰንበቴ ላይ ሄዶ ሩብ ሰዓት ብቻ መቀመጥ። ያመጣው ወንድሙ ወይም ሚስቱ ይሰማሉ፣ እነሱ ያስታውሱታል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚያ ነው፣ ስለ መድኃኒቱ በኋላ። ይህ ሲቢቲ ይባላል ወይስ አይባልም? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ የሚነግረኝ ሰው የለማ።

ተመላላሽ_ክፍል፦

ይባላል እንጂ! ቢሄቪየራል አክቲቬሽን የሚሉት ይኸው ነው፣ በራሱ ለድብርት በቂ መረጃ ያለው ሕክምና ነው። ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠበቅ ከድርጊቱ መጀመር። አንተ ከሰንበቴና ከከብት ጋር አገናኝተኸዋል፣ ቡናውን እንደ ማስታወሻ ማድረግህ ደግሞ እኔም የምወስደው ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ድርጊቱን ያላደረገ ጊዜ «ለምን አላደረግክም» ሳይሆን «ምን አጋጠመህ» ብለህ ጠይቀው፣ እንቅፋቱ ራሱ የሚቀጥለው ሥራችሁ ነው።

ሬዚደንት_3፦

ሥነ አእምሮ እየተማርኩ ነው። ትንሽ ልከራከር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ላይ ነን። ሰንሰለት ታስሮ ቤት የተቀመጠ የስኪዞፍሬኒያ ታካሚ መድኃኒት ሳያገኝ ለአሥራ ሁለት ሳምንት የንግግር ሕክምና ሰው መመደብ ቅድሚያ የሚሰጠው ነው? የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ዋናው ሐሳብ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መመሪያ፣ እኛ ኤምኤች ጋፕ የምንለው፣ ለዚሁ ነው የመጣው። የጤና መኮንኑና ነርሱ ድብርትንም፣ የሚጥል በሽታንም፣ ሳይኮሲስንም እንዲለዩና እንዲያክሙ።

ሲቢቲ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግን እንደ ተለየ ሙያ ማሳደጉ ለከተማ ሰው፣ ለሚከፍል ሰው ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ተመላላሽ_ክፍል፦

ዶክተር፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ያው መመሪያ ራሱ ለድብርት ሲቢቲንም፣ ቢሄቪየራል አክቲቬሽንንም ይመክራል እኮ። ጤና ጣቢያ ላይ የደረሰው ግን አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱ በካርቶን ይላካል። የንግግር ሕክምና ሰው ይፈልጋል፣ ሰውየው ደግሞ የሚያየው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን ማፎካከር ሳይሆን አንዱ ለምን እንደቀረ ነው ጥያቄዬ።

ከሊድስ፦

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር በዚሁ ሙያ ነው የምሠራው፣ መነሻዬ ነርስነት ነው። እዚህ እንዴት እንዳደገ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት የመጣ ይመስለዋል።

ማኅበሩ፣ የእንግሊዝ የባህሪና የአስተሳሰብ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር ማለቴ ነው፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያው ዘመን ለንደን ሞዝሊ ሆስፒታል አይዛክ ማርክስ የሚባሉ ሐኪም አንድ ደፋር ነገር ጀመሩ፣ ነርሶችን የባህሪ ሕክምና ማሠልጠን። የሐኪም ሥራ ለነርስ ይሰጣል ወይ ተብሎ ብዙ ተቃውሞ ነበር። ነርሶቹ ግን ፎቢያንና ኦሲዲን፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ፍርሃትንና አልለቅ የሚል የሐሳብና የድርጊት ድግግሞሽን፣ በደንብ ማከም እንደሚችሉ ታየ። የዞን ነርስ ወንድማችን፣ ይህን ለአንተ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ዝላይ የመጣው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሪቻርድ ላያርድ የሚባሉ ኢኮኖሚስትና ዴቪድ ክላርክ የሚባሉ ሳይኮሎጂስት ሆነው የንግግር ሕክምናን በስፋት እንዲያቀርብ መንግሥትን አሳመኑ። ክርክራቸው የገንዘብ ነበር፤ በድብርትና በጭንቀት ሥራ ያቆመ ሰው ለመንግሥት የሚያስወጣው ከሕክምናው ወጪ ይበልጣል የሚል። እ.ኤ.አ. በ2006 በሁለት ቦታ ተሞከረ፣ በ2008 በመላው እንግሊዝ ተጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የታቀደው ወደ 3,600 አዲስ ቴራፒስት ማሠልጠን ነበር። አሁን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደዚህ አገልግሎት ይመጣል።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ሠልጣኙ ተቀጥሮ ነው የሚማረው። ደመወዝ እየተከፈለው ከፊሉን ሳምንት ዩኒቨርሲቲ፣ ከፊሉን ክሊኒክ። የሕክምና ክፍለ ጊዜውን በታካሚው ፈቃድ ይቀዳል፣ ሱፐርቫይዘሩ ያዳምጠዋል፣ በመመዘኛ ነጥብ ይሰጠዋል። አሥራ ሁለት ነጥቦች ያሉት መመዘኛ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 6። ከ72ቱ 36 ካልደረስክ አላለፍክም። እና ከተመረቅክም በኋላ ሱፐርቪዥን አይቆምም። እኔ ዛሬም አለኝ።

ሁሉም ወርቅ ነው አልልም። እዚህ ያለው የቁጥር ጫና ሰው ያደክማል፣ ብዙ ጀማሪ ሠራተኛ ቶሎ ይለቃል። ታካሚው በየጊዜው መጠይቅ ይሞላል፣ ግማሹ ሰው ሻለ ወይ እየተባለ ይቆጠራል። ቆጠራው ጥሩ ጎን አለው፣ ግን ሰውየውን ትቶ ወረቀቱን ማከምም ያመጣል። ይህንን ከእኛ አትቅዱ።

ስሜን_ልተው፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ የታከምኩ ነኝ። ስለ ሱፐርቪዥን ስታወሩ የራሴ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

የእኔ ሕመም ኦሲዲ ነው። በእጅ መታጠብ አልነበረም የሚመጣብኝ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ በቅዱሳን ላይ ጸያፍ ሐሳብ ይመጣብኛል። መጥፎ ሰው ነኝ፣ ሰይጣን ይዞኛል ብዬ ነበር የማምነው። ንስሐ አባቴ ጋ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ እየሄድኩ እናዘዝ ነበር። ተናዝዤ ስወጣ አጥር ሳልደርስ «በደንብ አልተናገርሽም» ይለኛል ውስጤ፣ እመለሳለሁ። በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆምኩ። ለእኔ ያ ሞት ነው።

የመጀመሪያዋ ያየችኝ ባለሙያ በጣም ደግ ሰው ነበረች። ሐሳቤን እንድሞግተው አስተማረችኝ፣ «ማስረጃው ምንድን ነው» እያልኩ። ባሰብኝ! ቀኑን ሙሉ ማስረጃ ስፈልግ መዋል ሆነ ሥራዬ። ሁለተኛው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሐሳቡ ይምጣ፣ አትከራከሪው፣ ቁሚ፣ አትናዘዢ፣ አታማትቢ ለማስወጣት ብለሽ። በመጀመሪያ ተናደድኩበት፣ ሃይማኖቴን የሚነካ መሰለኝ። እሱም ገብቶት ንስሐ አባቴን እንዲያናግር ፈቃዴን ጠየቀኝ። ሦስታችንም ተቀመጥን። ንስሐ አባቴ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተናዘሻል፣ በቃ። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ሐሳብ ብትመጪ አልሰማሽም፣ ይህ መታዘዝሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ቅጥር ግቢ፣ ቀጥሎ ደጀ ሰላም፣ ቀጥሎ ውስጥ ገብቼ እስከ መጨረሻው ማስቀደስ።

ሐሳቡ ዛሬም ይመጣል አልፎ አልፎ። አላባርረውም፣ ይሄዳል።

ታዲያ የመጀመሪያዋን ልጅ አልወቅሳትም። ሥልጠና ወስዳለች። ለኦሲዲ መንገዱ ሌላ መሆኑን የሚነግራት ሰው ግን አልነበራትም።

ከሊድስ፦

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ለሠልጣኞች ሁሉ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ለኦሲዲ ሐሳቡን በማስረጃ መሞገት ብዙ ጊዜ ሌላ ሥርዓት ይሆናል፣ ማረጋገጫ ፍለጋ ይሆናል። ዋናው ሕክምና የሚያስፈራውን መጋፈጥና ጭንቀቱን ለማስታገስ ተብሎ የሚደረገውን ድርጊት አለማድረግ ነው። ሁለቱም «ሲቢቲ» ተብለው ይጠራሉ፣ ስለዚህ ሰርተፍኬት ላይ አይለዩም።

ዲያቆን_ዘ፦

ሁለተኛው ባለሙያ ያደረገው ነገር ደስ ብሎኛል። ወደ ካህን የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ነው፣ ጸበል ቦታም እንዲሁ። ካህኑ ሕመሙን ለይቶ የሚልክበት ሰው ቢያውቅ ይልካል። እንጦጦ አካባቢ ጸበልና የሥነ አእምሮ ሕክምና አብረው የሠሩበት ልምድ አለ፣ ጸበሉን ሳያቋርጥ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው። ለንግግር ሕክምናውም እንዲህ ያለ ድልድይ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ግን እኛን የምታናግሩን ታካሚው ካቋረጠ በኋላ ነው፣ በፊት ኑ።

ፕሮጀክት_ሠራተኛ፦

እኔ ደግሞ የሌላውን ወገን ላምጣ። የሰሜኑ ጦርነት ካለፈ በኋላ በተፈናቃይ መጠለያና በተጎዱ ከተሞች ብዙ ድርጅት ገባ፣ ለሳይኮሎጂ ተመራቂም የሥራ በር ተከፈተ። ብዙዎቻችን ሲቢቲ የሚመስል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራነው እዚያ ነው። ፒኤም ፕላስ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ተምረናል። አምስት ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ ዘጠና ደቂቃ ገደማ። የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ችግር መፍታት፣ ወደ ሥራ መመለስ፣ ከሰው ጋር መገናኘት። ሐሳብን መሞገት የሚባለው ሆን ተብሎ ተትቷል፣ ጥቂት ሥልጠና ላለው ሰው ይከብዳል ተብሎ።

አሠራሩ ላይ ሱፐርቪዥን የግድ ነው። እና እኛ ጋ ነበረ! በየሳምንቱ ተቀምጠን ጉዳይ በጉዳይ እናወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያደግኩበት ጊዜ የለም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ሱፐርቫይዘሩ ሄደ፣ እኛ ተበተንን። የሠለጠነው ሰው አሁን አንዱ ባንክ ቤት ነው፣ አንዱ ሪል እስቴት ይሸጣል። የሚያስቆጨኝ እሱ ነው። ሙያው በስድስት ወር ውል ላይ አይቆምም፣ የመንግሥት መዋቅር ላይ መደብ ያስፈልጋል።

መምህር_ዩኒቨርሲቲ፦

ውይይቱ ጥሩ ነው። ሬዚደንቱ ያነሳው ነገር መልስ ይፈልጋልና ከሌላ አገር የታየ ነገር ልጥቀስ።

ፓኪስታን ገጠር ውስጥ አቲፍ ራህማን የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት ላይ ወጥቷል። ነፍሰ ጡርና አራስ የሆኑ የድብርት ታካሚ እናቶችን ያከሙት የመንደር ጤና ሠራተኞች ናቸው፣ እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች። የተጠቀሙት ሲቢቲን መሠረት ያደረገ ቀላል አሠራር ነው፣ በሥዕል የተደገፈ፣ ስለ ሕፃኑ እያወሩ ስለ እናቲቱ የሚያክም። ከስድስት ወር በኋላ ድብርቱ አሁንም የነበረባቸው ሕክምናውን ካገኙት 23 በመቶዎቹ ነበሩ፣ ካላገኙት ደግሞ 53 በመቶ። ልዩነቱን እዩት።

ይህን ውጤት ሁሉም ይጠቅሳል። የማይጠቀሰው ግን ሴቶቹ በየወሩ ግማሽ ቀን ሱፐርቪዥን ማግኘታቸው ነው። የመነሻ ሥልጠናቸው አጭር ነው፣ ጥቂት ቀን። ስለዚህ ልጄ፣ አንቺ ከላይ አጭሩን ሥልጠና ያነሳሽው ልክ ነው፣ ግን ማጠሩ ብቻ አልነበረም ችግሩ። ከኋላው የሚመጣው ነገር ነው የለያቸው።

እኛ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ለሬዚደንቱ የምለው ይህ ነው፤ በሙያው የበሰሉ ጥቂት ባለሙያዎች ከሌሉህ ያንን ሁሉ ሰው ማን ይደግፈዋል? ስፔሻሊስቱ የከተማ ቅንጦት ሳይሆን የገጠሩ ሱፐርቫይዘር መሆን አለበት። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን እንዲህ ተብሎ አልተጻፈለትም፤ ያየው ታካሚ ይቆጠርለታል፣ ያሳደገው ባለሙያ አይቆጠርለትም።

ሬዚደንት_3፦

መምህር፣ እንዲህ ካዩት እስማማለሁ። እኛም ሬዚደንሲ ላይ የንግግር ሕክምና እንማራለን፣ ግን ዋርዱና ድንገተኛው ጊዜያችንን ይበላዋል፣ አንድ ታካሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ መጨረስ ከባድ ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቱ ሱፐርቫይዝ ቢያደርገኝ እኔ በደስታ ነው። በባህላችን ግን የሐኪም ሥራ በሳይኮሎጂስት ሲታረም ብዙም አልተለመደም።

ዲግሪ_ጨረስኩ፦

ይቅርታ ወሬያችሁን ላቋርጥ። በሳይኮሎጂ በመጀመሪያ ዲግሪ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሲቢቲ ቴራፒስት መሆን እፈልጋለሁ። ኦንላይን ኮርስ ጨርሼ ሰርተፍኬት አለኝ። ክሊኒክ መክፈት ወይም በስልክ መጀመር እችላለሁ? ሥራ የለም፣ እውነቱን ለመናገር እጄ አጥሯል።

ተመላላሽ_ክፍል፦

ወንድሜ፣ ችግሩ ይገባኛል። በግልጽ ልንገርህ ግን፣ በዚህ ብቻ ታካሚ አትያዝ። ሲቢቲ ቴራፒስት የሚባል ራሱን የቻለ የሙያ ፈቃድ እኛ አገር የለም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለመሠረታዊው ሙያህ ነው፤ ለክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ለነርስ፣ ለሐኪም። ሲቢቲ በዚያ ላይ የሚገነባ ክህሎት ነው። አንተ ጋ በስልክ የመጣ ሰው ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ ቢሆንስ? የመጀመሪያው የስሜት ከፍታ የባይፖላር ምልክት ቢሆንስ? ያንን መለየት የሚማሩት በኮርስ ሳይሆን በዋርድ ነው።

ማስተርሱን አመልክት፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም ጎንደርና ጅማ ያለው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሱስ ማገገሚያ ውስጥ፣ ፕሮጀክት ላይ በረዳትነት ግባ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ከበሰለ ሰው ጎን የምትቀመጥበትን ምረጥ።

የግል_ክሊኒክ፦

እስካሁን እያነበብኩ ነበር። በግል የምሠራ ነኝ፣ የግሉ ዘርፍ ሲነቀፍ ስለሰማሁ ትንሽ ልበል። ዋጋችን በየሳምንቱ ለመንግሥት ሠራተኛ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ብዙ ታካሚ ሦስተኛው ላይ የሚያቋርጠው ሕክምናው ጠልቶት ሳይሆን ገንዘቡ አልቆበት ነው። ኪራዩን ስናሰላ ግን እኛም ብዙ አማራጭ የለንም። ጤና መድህኑ አንድ ቀን ይህን ቢሸፍን ሙያው በእግሩ ይቆማል፣ እስከዚያ ግን የሚከፍል ሰው ሙያ ሆኖ ይቆያል፣ ሬዚደንቱ በዚህ ልክ ነው።

ሱፐርቪዥንን በተመለከተ ሁሉም ከላይ እስኪመጣ ይጠብቃል። ውጭ አገር ያለ ሱፐርቫይዘር በቪዲዮ ጥሪ ለማግኘት ሞክሬ ነበር፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ አማርኛም አይሰማም። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለችኝን ታካሚ ለእንግሊዛዊ በምን ላስረዳው? ስለዚህ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ መገናኘት ጀመርን። አንዱ ጉዳይ ያመጣል፣ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። በኋላ ማውራት ብቻውን እንደማይበቃ ገባን፤ ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ ያሳምረዋል፣ ስለዚህ የተቀዳውን አብረን መስማት ጀመርን። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የሰማነው ከታካሚው ይልቅ ቴራፒስቱ ሲያወራ ነበር። ሁላችንም ያው ሆነን ተገኘን። ምክር እንሰጣለን፣ እናጽናናለን፣ ጥያቄ ግን አንጠይቅም። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረንም።

ተመላላሽ_ክፍል፦

ይሄን ነው የምፈልገው። ሌላ የሚገባ ሰው ትቀበላላችሁ? ከዚህ ክር ላይ ፈቃደኛ የሆንን አምስት ስድስት ሰዎች ሌላ ቡድን ብንመሠርት?

የግል_ክሊኒክ፦

በደስታ። ሦስት ነገር ግን ከወዲሁ እንስማማ። ታካሚው በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይቀዳም፣ መፍቀድ አለመፍቀዱም ሕክምናውን አይነካም። ቅጂው በቴሌግራም አይላክም፣ በፍጹም፤ ባለቤቱ ከራሱ መሣሪያ ላይ ያሰማል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። ስም፣ ሰፈርና መሥሪያ ቤት አይጠራም። የእኛ ከተማ ትንሽ ናት፣ ሰው በሁለት ፍንጭ ይታወቃል።

ከሊድስ፦

እኔም በወር አንዴ እገባለሁ፣ ቅዳሜ ይመቸኛል። ክፍያ የሚባል ነገር አታንሱብኝ። መመዘኛውን ይዤ እመጣለሁ፣ ግን ነጥብ ለመስጠት አንቸኩል፣ መጀመሪያ አንድ አንዱን ነጥብ እየመረጥን እንለማመድ። ለምሳሌ አጀንዳ ማስያዝ፣ ቤት ሥራ መስጠት። መምህር ቢገኙልን ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

መምህር_ዩኒቨርሲቲ፦

እገኛለሁ። የመመረቂያ ተማሪዎቼንም በተራ አመጣለሁ፣ ዝም ብለው እንዲሰሙ።

የዞን_ነርስ፦

እኔ ጋ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ የምቀዳበት ጸጥ ያለ ክፍልም የለኝም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ነርስ ያክማል፣ መሃላችን መጋረጃ ነው። እንደኔ ያለው ሰው እንዴት ይሳተፍ?

ተመላላሽ_ክፍል፦

ሳይቀዳም ይቻላል። ጉዳዩን ታመጣለህ፣ አንተ ታካሚውን ሆነህ ትጫወታለህ፣ ከእኛ አንዱ ባለሙያውን ይሆናል። ቀጥሎ እንገለብጠዋለን። ኔትወርኩ ቪዲዮ ካልቻለ በስልክ መስመር እናስገባሃለን፣ ድምፅ ይበቃል። እንደውም የመጀመሪያው ጉዳይ ያንተ ይሁን፣ ብዙ ሰው የሚሠራው አንተ በምትሠራበት ሁኔታ ነው።

የዞን_ነርስ፦

እሺ። አንዲት እናት አሉ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ለቅሶ የሚደርሳቸው ሰው ሁሉ «በቃ አትልቀሺ» ይላቸዋል። ከድርጊት ልጀምር ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ድብርት ነው ወይስ ሐዘን የሚለው ላይ ቆሜያለሁ፣ ጊዜውም ገና ነው። እሱን ይዤ እመጣለሁ።

ከሊድስ፦

ይዘህ ና። እስከ ቅዳሜ ምንም ድርጊት አትስጣቸው፣ ስለ ልጃቸው ጠይቃቸው ብቻ። ስሙን ጥራው። ራሳቸውን ስለመጉዳት አስበው እንደሆነም በግልጽ ጠይቅ፣ ከሆነ ቅዳሜን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ደውልልን።